መስከረም ላይ ጣና፦ ክረምቱ በቅጡ ሳይወጣ እናቴን ይዤ ዘጌ ልግባ?

ሽሮሜዳዋ
ነሐሴ 27፣ ማታ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። እናቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ታማ ተኝታ ሳለ ጣና ዳር ዘጌ ላለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት መጋረጃ ተስላ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ድና ተነሳች፤ መጋረጃውንም በእጇ ሰፍታ ጨርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠችው ቆየች። በየዓመቱ «ለየካቲት 16 እንሄዳለን» እንላለን። የካቲት ሲደርስ አንዱ ፈቃድ ያጣል፣ ሌላው ገንዘብ ያጥረዋል፣ ያንን ስናስተካክል ደግሞ ሆቴሉ ሞልቷል።

ዘንድሮ ፈቃድ ያገኘሁት ከመስቀል በኋላ ነው፤ ከመስከረም 18 እስከ 24። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች «ገና ክረምት ነው፣ ሐይቁ ይቆጣል፣ ትልቅ ሰው ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ባይ ናት፤ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰውም አይበዛም፣ ሆቴልም ይቀንሳል ትላለች። ማንን ልመን?

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጀልባ ላይ ወጥታም አታውቅም። ባለቤቴና የ9 ዓመት ልጃችን አብረውን አሉ። ባለቤቴ ዳጋ እስጢፋኖስን ማየት ይፈልጋል (እኛ ሴቶቹ እንደማንገባ አውቃለሁ፣ እሱን አትንገሩኝ)። ጢስ ዓባይንም አስበናል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀበሌ14
ነሐሴ 27፣ ማታ 3፡15

ጓደኛሽን እመኚ። እኔ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ በእግር አሥር ደቂቃ ላይ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የእኛ ዝናብ የሌሊት ዝናብ ነው። እዚያ እናንተ ጋ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ይለቀዋል አይደል? እዚህ ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ያድርና ጠዋት ስትነሺ ሰማዩ ታጥቦ ይጠብቅሻል። መስቀል ካለፈ በኋላ ደግሞ የሌሊቱም እየሳሳ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ከሰዓት አንድ ሩብ ሰዓት ያወርደውና ያቆማል፤ እሱን ቡና እየጠጡ ማሳለፍ ነው።

ሰው አለመብዛቱም እውነት ነው። ለመስቀል ቤተሰቡ ጋ የመጣው በ18 መመለስ ይጀምራል። ተሳላሚው ደግሞ በዚያ ሳምንት ለ21 ወደ ግሸን ነው የሚጎርፈው። በጥምቀት ጊዜ ተሰልፈሽ የምትገቢበትን ቤተ ክርስቲያን አሁን አንቺና አንድ ዲያቆን ብቻ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

ጫማ ግን አስቢበት። የዘጌ ጭቃ ቀይ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ነጭ ስኒከር ለብሰሽ እንዳትመጪ።

ማንጎ_በግንቦት
ነሐሴ 28፣ ጠዋት 1፡50

እንደ ስሜ ልናገር። መሃል ወቅት ካላችሁ ግንቦትን ምን አጠፋ ብላችሁ ነው የምትተዉት? ዝናቡ ገና ያረግዛል እንጂ አይወልድም፣ ቱሪስት የለም፣ የሆቴል ዋጋ ይወርዳል፣ ማንጎው ከዛፉ ሥር ነው የሚበላው። በግንቦት እናቱን ይዞ የመጣ ሰው ጭቃ ብሎ ነገር አያውቅም። ለምን ትቸኩያለሽ እህቴ፣ ሦስት ዓመት የቆየ ስለት ስምንት ወር ቢጨምር ምን አለበት?

ቀበሌ14
ነሐሴ 28፣ ጠዋት 2፡05

የስለት ነገር በቀጠሮ አይጫወቱበትም ወንድሜ። ደግሞ የግንቦትን ሙቀት ለምን አልነገርካትም?

ጋሽ ደንገል
ነሐሴ 28፣ ጠዋት 4፡30

ልጆች፣ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁትና ትንሽ ታገሡኝ።

በእኛ ቆጠራ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። በማግስቱ ዘመነ ጽጌ ይገባል። ስለዚህ ልጄ ሽሮሜዳዋ የምትመጣው በክረምቱ ጭራ ላይ ነው። የሰማዩ ክረምት ሲያልቅ ግን የሐይቁ ክረምት ገና ጫፉ ላይ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ የጫኑትን ጎርፍ ሲያራግፉ ከርመው ጣና ከፍታው ላይ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። ዝቅ የሚለው ደግሞ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ፤ በሁለቱ መካከል የአንድ ሜትር ተኩል ያህል ልዩነት አለ። በሰኔ ረግጠሽ የወጣሽበት የድንጋይ ደረጃ በመስከረም ውሃ ውስጥ ነው።

የውሃውም መልክ ይለያል። አሁን ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ፎቶ ላይ ያያችሁትን ሰማያዊ ጣና ለማየት ኅዳር መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእናትሽ ስለት ይህ ምንም አይደለም። ልጁ ግን «ሐይቁ ለምን ሻይ በወተት መሰለ?» ማለቱ አይቀርም፤ የዙሪያው ደጋ አፈር መሆኑን ንገሪው።

ጢስ ዓባይን በሚመለከት ክርክር የለም። ፏፏቴው ከፍታው 45 ሜትር ግድም ነው፤ ውሃ ሲኖረው ስሙን ያገኘበት ጢስ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ዛሬ በጨረጨራ በር ይመጠናል፤ ብዙውም በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል (በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት)። የቀረውን ደግሞ እዚያው ጢስ ዓባይ ያሉት የኃይል ማመንጫዎች ይሻሙታል። በበጋና በግንቦት ሄዳችሁ «ፏፏቴው የታለ?» የምትሉት ለዚህ ነው። ሐይቁ ሞልቶ የሚተርፈው ሲለቀቅ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ያኔ እዩት። አቶ ማንጎ በዚህ ላይ መልስ ያለህ አይመስለኝም።

ማንጎ_በግንቦት
ነሐሴ 28፣ ጠዋት 4፡41

ጋሼ፣ ፏፏቴውን ለቀቅሁ። ማንጎውን አልለቅም።

ተጓዥ_ነኝ
ነሐሴ 28፣ ቀን 7፡20

ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። አምና ከሚስቴ ጋር ርካሽ አገኘን ብለን በሚያዝያ ዛንዚባር ሄድን። እዚያ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ማሲካ ይሉታል። ለካ ርካሽ የሆነው ለዚያ ኖሯል! ግማሹ ሆቴል ዘግቶ ቀለም ይቀባል፣ የቀረው ሁለት እንግዳ ይዞ ያዛጋል፣ ዝናቡ ደግሞ እንደ ባሕር ዳሩ ሌሊት ዘንቦ ቀን የሚለቅ አይደለም። በአራት ቀን ውስጥ ባሕሩን በወጉ ያየነው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሲሸሽ ደረስን። በምሥራቁ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ሩቅ ይሸሻል፤ ለመዋኘት ብለን ጭቃና የባሕር ሣር ላይ ስንራመድ ዋልን።

የተማርኩት ነገር ቢኖር «ወቅቱ አይደለም» የሚባል ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ ሰው የማይመጣበት ነው፣ ሌላው የማይመጣበት ምክንያት ያለው። የጣና መስከረም የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ጀልበኛው
ነሐሴ 28፣ ማታ 1፡10

እህቴ፣ ሁሉም ስለ ዝናብ ያወሩልሻል። ዝናብ አያሰምጥም። የጣና ጌታ ንፋስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ጣና ሲያዩት ባሕር ነው፤ ከጫፍ ጫፍ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ስፋት ያገኘ ንፋስ እንዲህ ያለውን ጥልቀት የሌለው ውሃ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ዕረፍት አይሰጥሽም፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወገብሽን ነው የሚሰብረው። ጠዋት ግን እንደ ምንጣፍ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሐይቁ የአንቺ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ንፋሱ ይነሳል፣ ከሰዓት ይብሳል። ይህ በጋ ክረምት አይልም። በመስከረም የሚጨመርበት ደመና ሲጠቁር ድንገት የሚመጣው ንፋስ ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ በጠዋት መውጣት፣ ለምሳ መመለስ።

ለእናትሽ ዘጌ ይበቃታል። እንደ ሞተሩ ጉልበት ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ስትመለሱ በእንጦስ ኢየሱስ በኩል እለፉ፤ የሴቶች ገዳም ስለሆነ ትገባለች። አጠገቡ ያለው ክብራን ገብርኤል ለወንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ደብረ ማርያምን ጨምሩላት፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ አጠገብ ነው፣ ከከተማው ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ዕድል ካላችሁ ልጁ ጉማሬ ያያል።

ዳጋ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል መሄጃው ብቻ። ባለቤትሽ ለብቻው ይሂድ፣ 12 ሰዓት ላይ ወደብ ላይ ይገኝ። አብረውት የሚዳበሉት ሰዎች እስከ 1 ሰዓት ካልተሟሉ ይቅርበት፤ ይህን ያልኩት አስቤበት ነው።

ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳይሆን ማሰሪያው መሥራቱን እዩ። ለልጅ የሚሆን ልክ አላቸው ወይ ብለሽ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ሲደረግ ውሃ ውስጥ ከአንገቱ ያመልጣል።

ሽሮሜዳዋ
ነሐሴ 28፣ ማታ 2፡00

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ደንገል የደረጃውን ነገር ሲነግሩኝ ደነገጥኩ፤ በዚያ ጉልበቷ እንዴት ትወርዳለች? ደግሞ በየብስ ዘጌ አይገባም እንዴ?

ጀልበኛው
ነሐሴ 28፣ ማታ 2፡20

ይገባል፤ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው። በክረምት ጭራ ላይ ግን መኪናው ሲናጥ ጉልበቷ ከጀልባው በላይ ይጎዳል። የደረጃው ነገር አያስጨንቅሽ። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ወደ መሬቱ ጠጋ ይላል፣ እንዲያውም በሰኔ ነው መከራው፤ ጀልባው ርቆ ይቆምና በድንጋይ ላይ እየዘለሉ መሄድ ነው። አፍንጫው ሰፊ የሆነ፣ ጣሪያ ያለው ጀልባ ምረጪ። ትንሽ በርጩማ ይዘሽ ግቢ፣ መወጣጫ ትሆናታለች።

ሲስተር_መ
ነሐሴ 29፣ ጠዋት 3፡00

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራውና ደስ የማይል ነገር ልጨምር። ዝናቡ ሲያቆም ውሃው የትም ይቋጥራል። ለእኛ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እናንተ ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ ሰውነታችሁ አይለምደውም። አልጋው አጎበር አለው ወይ ብላችሁ ቦታ ስትይዙ ጠይቁ፤ ስትደርሱም ዘርግታችሁ ቀዳዳውን እዩ። ከ12 ሰዓት ማታ ጀምሮ ለልጁ ረጅም እጅጌና ካልሲ። ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም በወርም ማንኛችሁም ቢያተኩሳችሁ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ተመርመሩ፣ ባሕር ዳር እንደነበራችሁም ንገሯቸው።

ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ልጁ ዳር ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ልክተት ማለቱ አይቀርም፤ እንቢ በይው። የሰፈሩ ልጆች ሲዋኙ ያይና ያስቸግርሻል፣ የሰፈሩን ልጆች እኛ ነን የምናክማቸው።

አሳ_አፍቃሪ
ነሐሴ 29፣ ቀን 6፡30

ማንም ስለ ምግብ አላነሳም! ቆሮሶ ጥብስ፣ ከነጭንቅላቱ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ። አምባዛውን ለጉላሽ ተዉት። 18 እና 20 ጾም ቢውሉም አሳ እንደሆነ...

የቅኔ_ተማሪ
ነሐሴ 29፣ ቀን 6፡44

አሳ እንደሆነ ምን? ጨርሰው እስቲ። አሳ ደም የለውም ልትል ነው?

አሳ_አፍቃሪ
ነሐሴ 29፣ ቀን 6፡50

እናቴ ነበረች የምትለው።

አወያይ
ነሐሴ 29፣ ቀን 7፡05

ይህ ክር ስለ ጉዞ ነው። የአሳና የጾም ክርክር ባለፈው ዓመት 140 መልስ ደርሶ ነው የዘጋነው፤ እዚህ አይደገምም።

የፎገራው
ጳጉሜን 2፣ ማታ 1፡30

ስለ እምቦጭ የጠየቀ የለም እንጂ በውስጥ መስመር ሁለት ሰው ጠይቆኛል። አረሙ የበዛው በእኛ በኩል፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደንቢያ። ንፋስ እየነዳ ይወስደዋል ይመልሰዋል። ባሕር ዳርና ዘጌ ለሚሄድ ሰው ጉዞውን አያበላሽም። እዚህ ግን አንዳንድ ጠዋት ታንኳ የማያስገባ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ነው የምናገኘው።

ጊዜ ካላችሁ በወረታ መስመር ውጡ። በመስከረም የፎገራ ሩዝ እንደ ባሕር ነው። መንገዱን ግን በዕለቱ ጠይቃችሁ፤ የሰዓት ገደብ ካለም አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይህን በደንብ የሚነግራችሁ የሆቴሉ ጥበቃ እንጂ ኢንተርኔት አይደለም።

ቀብድ_የተበላሁ
ጳጉሜን 3፣ ጠዋት 5፡00

ከኔ ተማሩ። ዓምና በስልክ ለአንድ ደላላ ቀብድ ላክሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጀልባ ጣሪያ ያለው፣ ወንበሩ የተለበጠ። ወደብ ስደርስ «እሱ ጥገና ገብቷል» ተብዬ አግዳሚ ያላት ጠባብ ጀልባ ቀረበችልኝ፣ ሰባት የማላውቃቸው ሰዎችም ተቀምጠውባት። «ብቻዬን ነው የተከራየሁት» ስል «ወንድሜ ሐይቁ የሁላችን ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ስላሳቀኝ ገባሁ። ሐይቁ መሃል ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ የነዳጅ ጭማሪ ጠየቀ። እዚያ ላይ ማን ይከራከራል? ከፈልን።

ጀልባውን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ማታውኑ ወደብ ውረዱ፣ ከካፒቴኑ ጋር ራሱ ተነጋገሩ። የት የት እንደምትደርሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ ተስማሙ፤ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። የገዳማቱ መግቢያ ከጀልባው ውጪ ነው፣ በየደሴቱ ለየብቻው። ዝርዝር ብር ያዙ።

ሽሮሜዳዋ
ጳጉሜን 4፣ ማታ 3፡10

ወሰንኩ፤ እንሄዳለን። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። በርጩማ ገዝቻለሁ (ባለቤቴ ሲስቅ ነው ያመሸው)። እናቴ መጋረጃውን አውጥታ እንደገና እየተኮሰችው ነው። መልካም አዲስ ዓመት ለሁላችሁም።

ጋሽ ደንገል
መስከረም 1፣ ጠዋት 2፡15

እንኳን አደረሰሽ ልጄ። አራት ቀን ብትጨምሩ ኖሮ የማኅሌተ ጽጌ መጀመሪያ ይደርስላችሁ ነበር፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በየቅዳሜው ማታ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይህን አያውቅም፣ ምን ይደረግ።

ሽሮሜዳዋ
መስከረም 28፣ ማታ 2፡30

ተመልሰናል! ቃል በገባሁት መሠረት እነሆ፤ ይረዝማል።

ዝናብ፦ ስድስት ሌሊት አድረን ሁለት ሌሊት ዘነበ። ቀን የያዘን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ባጃጅ ውስጥ አሳለፍነው። ቀበሌ14 ስለ ቆርቆሮው ያልከው ልክ ነው፤ እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ «ይኼ ዝናብ ነው ወይስ ሰው ጣሪያ ላይ ጤፍ እየነፋ ነው?» አለች።

ዘጌ የሄድነው በ19 ነው። ማታውኑ ወደብ ወርደን ሦስት ጀልባ አይተን ነበር፤ ሁለቱ የልጅ ጃኬት አልነበራቸውም፣ በሦስተኛው ተስማማን። ጠዋት 12፡45 ተነሳን። ውሃው በእውነት ምንጣፍ ነው፤ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ አጠገባችን ሲያልፍ የመቅዘፊያው ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ውዳሴ ማርያም ስትደግም ቆይታ፣ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነጠላውን ገልጣ «እንዲህ ከሆነማ ስንት ዓመት ፈርቼ ኖርኩ» አለች። ከዚያ በኋላ ካፒቴኑን ስለ ትዳሩ ትጠይቀው ጀመር።

መውረጃው ላይ ጋሽ ደንገል ያሉት ደረጃ ሁለቱ በውሃ ውስጥ ናቸው፣ ከሥር አረንጓዴ አልጌ ይዟቸው ይታያሉ። ጀልባው ግን በላያቸው ተንሳፎ ሦስተኛው ላይ ጠጋ አለ። በርጩማውን አስቀመጥን፣ ካፒቴኑ አንድ እጇን፣ ባለቤቴ ሌላውን ይዘው ወጣች። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማውን ራሱ ነው የሚሸከመው።

ወደ ኡራ የሚወጣው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው፤ ጥላው ድፍን ነው፣ ጭቃው በጥንቃቄ ይታለፋል። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፣ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ፍሬ ቀልቷል። እናቴ ሦስቴ ተቀምጣ አረፈች። ሦስተኛው ላይ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው ቡና አፈሉልን፤ አባ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለዘጌ እንደሰጡ፣ ከዚያ ወዲህ በሬ ጠምዶ ማረስ እንደተከለከለ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ልጄ «ታዲያ ጤፍ ከየት ታመጣላችሁ?» ቢላቸው «ቡናውን ሸጠን ነዋ» አሉት፣ እንደ ቂል እያዩት።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እኛ አራታችን፣ አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበርን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጄ አንገቱ እስኪያመው አየ፤ ሰው በላውን በላዔ ሰብእን ሲያይ ታሪኩን ዲያቆኑ ነገረውና ማታ ብቻዬን አልተኛም አለ። እናቴ መጋረጃውን አወጣች። ቄሱ ተቀብለው ባረኩት፣ ዲያቆኑ ከፍ አድርጎ ሲይዘው ከበሩ በአንድ ክንድ ያህል አጠረ። እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችበት ነው። ቄሱ ቆም ብለው አዩትና «ይኼ ለቤተ ልሔሙ በር ልኩ ነው፣ የሱ አርጅቶብን ነበር» አሏት። ያኔውኑ ሄደው ሰቀሉት። እሷም ጥግ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ያህል አየችው። ካፒቴኑ ከታች ልጅ ልኮ «ንፋስ ሳይነሳ» ባያስብለን አሁንም እዚያው ነበርን።

ስንመለስ እንጦስ ገባን። ከእንጦስ እስከ ከተማ ያለው መንገድ ላይ 5 ሰዓት አልፎ ስለነበር የጀልበኛውን ጠብ ጠብ ትንሽ ቀመስነው። ትንሽ ይበቃል።

ዳጋ አልተሳካም። ባለቤቴ በ22 እንደተባለው 12 ሰዓት ላይ ወደብ ተገኘ። የተዳበሉት ሰዎች 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። «ይቅርብህ ተብለሃል» ብዬ ብነግረው አልሰማም፤ የዘርዓ ያዕቆብንና የፋሲልን አጽም ሳላይ አልመለስም አለ። ደቅ ደሴት በሩቅ መታየት ስትጀምር ንፋሱ ተነሳ። አንዱ ተሳፋሪ አስመለሰው፣ ሌላው ስዕለት ጀመረ። ካፒቴኑ ያለ ምንም ክርክር አዞረው። ባለቤቴ «እኔ ከፍያለሁ!» ሲለው «ገንዘብህን እመልስልሃለሁ፣ አንተን ግን ለሚስትህ መመለስ አለብኝ» አለው። የነዳጁን ቀንሶ በእውነትም መለሰለት። እርጥብ ሆኖ ሲገባ እኔ ምንም አላልኩም። እናቴ ግን አለች።

ጢስ ዓባይ፦ ቃል የለኝም። ድምፁ ከመኪና ሳንወርድ ይሰማል። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ጀልባው ያን ቀን አላሻግርም አለ፣ በድልድዩ በኩል ደግሞ አቀበቱ ለእናቴ አይሆንም። እሷ መነሻው ላይ ከበቆሎ ጠባሾች ጋር ተቀመጠች፣ እኛ ሄድን። በ1600ዎቹ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ትንሽ እንደወጣን ጢሱ ፊታችንን አራሰው። ስንመለስ እናቴ አራት እሸት በቆሎ በልታ የሦስት ሴቶችን ስልክ ተቀብላ ጠበቀችን።

ሲስተር_መ፣ የአንዱ አልጋ አጎበር ቀዳዳ ነበረው፤ ቋጠርኩት። ልጁ ሁለት ቦታ ተነክሷል፣ ቀኑን እየቆጠርኩ ነው። ውሃ ውስጥ አልገባም። በእሱ ፈንታ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዛንለት፤ አሁን መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ናት።

ሲስተር_መ
መስከረም 29፣ ጠዋት 2፡40

ጎበዝ። ካተኮሰው ያው ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ቀብድ_የተበላሁ
መስከረም 29፣ ጠዋት 3፡15

ገንዘብ የመለሰ ካፒቴን! ስልኩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ እባክሽ።

ጀልበኛው
መስከረም 29፣ ቀን 6፡10

እኔም አውቀዋለሁ መሰለኝ። ንፋስ ሲያዞርህ መዞር ነው። እስከ 1 ሰዓት ካልተሟሉ ብዬ ነበር፤ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ሽሮሜዳዋ
መስከረም 29፣ ማታ 1፡00

አደረስኩልህ። አሁን ደግሞ ለጥቅምት 17 እስጢፋኖስ ብቻዬን እመለሳለሁ እያለ ነው። ይሆናል?

ጀልበኛው
መስከረም 29፣ ማታ 1፡25

በዓል ስለሆነ ጀልባ አያጣም፣ ሐይቁም ያኔ ረጋ ይላል። ግን በ16 ጠዋት ተሻግሮ እዚያው ይደር፤ በዕለቱ እሄዳለሁ ካለ ያው ታሪክ ነው። ጋቢ ይያዝ፣ የጥቅምት ሌሊት ደሴት ላይ አጥንት ይገባል። በርጩማውን ቢተወው ይሻላል።

ማንጎ_በግንቦት
መስከረም 29፣ ማታ 1፡40

ሁሉንም አነበብኩ፣ ደስ ይላል። ማንጎ ግን አልበላችሁም።